ከሠራተኛ ሰፈር ወደ ሠራተኛ ሰፈር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ፤

እኔ ከናፍቆትሽና ከዮርክሻየር ብርድ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «የምትኖርበት አገር ምን ይመስላል?» ብለሽኝ ሳልመልስልሽ ካርዱ አለቀ። ከተማዋ ሶልቴር ትባላለች። ባጭሩ ሠራተኛ ሰፈር ናት። የኛን የአዲስ አበባውን ሠራተኛ ሰፈር የምኒልክ የእጅ ባለሙያዎች እንደሰፈሩበት፣ ይህችንም ሰር ታይተስ ሶልት የሚባል የሱፍ ከበርቴ ለፋብሪካው ሠራተኞች አሠራት። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። ሰፈሩን በራሱና ባጠገቡ ባለው ወንዝ ስም ሰየመው፤ ከመንገዶቹም ብዙዎቹን በልጆቹ ስም። መጠጥ ቤት ግን እንዳይከፈት ከለከለ። እስቲ ፍረጂ፤ ጠጅ ቤት የሌለው ምን ሠራተኛ ሰፈር አለ?

እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ቅርስ ውስጥ መኖር ቀላል እንዳይመስልሽ። ጎረቤቴ የበሰበሰ መስኮቱን ለመቀየር ማመልከቻ አስገብቶ መልስ ይጠብቃል፤ ብርዱ ሄዶ ብርዱ ተመለሰ፣ መስኮቱ አሁንም በካርቶን እንደተደፈነ ነው።

በቀደም ይኸው ጎረቤቴ ስብሰባ ወሰደኝ። እድር መሰለኝ፤ ሊቀመንበር አለ፣ ቃለ ጉባኤ አለ፣ መዋጮ አለ። ድንኳንና ድስት ግን አጣሁ። «ማን ሞቶ ነው?» ብዬ በጆሮው ጠየቅሁት። ለካ የቅርስ ተቆርቋሪዎች ናቸው፤ ስለ አንድ አግዳሚ ወንበር ቀለም አንድ ሰዓት ተከራከሩ። ሻይና ኬኩ ባይኖር ወጥቼ ነበር።

በመጨረሻ ሊቀመንበሯ፣ «አንተስ ላቭ፣ ሰፈርህ የት ነው?» አሉኝ። (ላቭ ሲሉኝ አትደንግጪ፤ እዚህ የአውቶቡስ ሹፌሩም ላቭ ነው የሚለኝ። እንደኛ «የኔ ጌታ» መሆኑ ነው።) እኔም የሰፈራችንን ስም ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው፦ «ዶሮ የሚታነቅበት፤ ቢጮሁ ሰሚ ከሌለበት ቦታ አለፍ ብሎ።» ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ መሆናቸው እንዴት ይግባቸው? ሴትየዋ እጄን ያዝ አድርገው ተጨማሪ ኬክ ሰጡኝ።

በዚህ እልህ ያዘኝና የሰፈራችንን የፒያሳን ቅርሶች መዘርዘር ጀመርኩ። ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ተቃጥሎ እንኳ ከነስሙ እንዳለ ነገርኳቸው። «የእናንተ ሐውልት አንዴ ከቆመ ቆመ ነው። የኛ ግን የአራዳ ልጅ ነው፤ ይሄዳል ይመለሳል» አልኩ። ጊዮርጊስ ፊት ያሉትን ምኒልክን ጣሊያን አንሥቷቸው ነበር፤ ጣሊያን ሲወጣ ተመለሱ። አቡነ ጴጥሮስም በ2005 ለባቡሩ መንገድ ለቀው በ2008 ቦታቸው ገቡ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ያ ዶሮ የሚታነቅበት ሰፈርስ አሁን እንዴት ነው?»

«በ2016 ፈረሰ» አልኩ።

«ታዲያ መቼ ይመለሳል?»

አፌ ላይ የነበረውን ኬክ ማኘክ ያዝኩ፣ እትዬ። እስካሁንም እያኘክሁት ነው።

ማታ ግን በስልክ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ ጎረቤት በየኮንዶሚኒየሙ ቢበተንም ለእድሩ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየረ ይመጣል ብለሽኛል። እንግዲህ ቅርሱ የእድሩ መዝገብ ነው። ጸሐፊውን በኔ ስም ለምኚልኝ፦ በእያንዳንዱ አባል ስም አጠገብ የማን ግድግዳ ከማን ግድግዳ ጋር እንደተያያዘ፣ ቦኖው የት እንደነበረ፣ ዳቦ ቤቱ ከማን በር ፊት እንደነበረ ይጻፍ። የሚያስታውሱት ሳያልቁ።

የኔንም ውዝፍ ከነቅጣቱ ክፈዪልኝ። ስሜን እንዳይሰርዙት፤ ከእንግዲህ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ያለሁት እዚያ መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

ናፋቂ ወንድምሽ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው የጎረቤቴ መስኮት ተፈቀደለት። የቀለሙ ጉዳይ ግን ገና ይታያል አሉ።