«ገባ እኮ!»

መቀሌ ውስጥ፣ ሓወልቲም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ ቻርጀርና አዳፕተር የታጨቀበት ፌስታል የሌለው ቤት አላውቅም። ሪሲቨሩ ተቃጥሏል፤ ላፕቶፑ ተሽጧል፤ አዳፕተሩ ግን «አንድ ቀን ይፈለጋል» ተብሎ ተቀምጧል። ጣጣው ያ አንድ ቀን መምጣቱ ነው። ፌስታሉ ምንጣፍ ላይ ይዘረገፋል፤ ቤተሰቡ ይከበዋል። መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው፦ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? ከገባ ደስታ ነው። ደስታው ሳያልቅ ጭስ ይሸታል።

ሓወልቲ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ወዳጅ አለኝ። በቀደም እሱ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንዲት እናት የሞተ ራውተር ከነአዳፕተሩ ይዘው ገቡ።

«አደይ፣ በዚህ ነው የሰኩት?»

«አዎ ወደይ፣ ልክክ ብሎ ገባ እኮ!»

አዳፕተሩን ገልብጦ ያችን ለዓይን የማትሞላ ጽሑፍ አነበበላቸው፦ መውጫ 19 ቮልት፣ 3.42 አምፒር። የላፕቶፕ ነው። ራውተሩ ሆድ ላይ የተጻፈው 12 ቮልት፣ 1 አምፒር ነው።

«በል እንግዲህ፣ አምፒሩ በዝቶበት ነዋ!» አሉ።

አምፒር እንዲህ በሐሰት ሲወነጀል ይኖራል። አምፒር መሶብ ላይ ያለ እንጀራ ነው፤ ሦስት ቢቀርብም አንድ የሚበቃው እንግዳ አንዱን በልቶ ይነሣል። ቮልት ግን ጉርሻ ነው፤ እምቢ ቢሉትም ይገፋል። የ12 ጉሮሮ 19 ሲጎርስ ይታነቃል። ዋት ደግሞ የሁለቱ ብዜት ነው፦ ራውተሩ 12 ዋት ይበቃዋል፣ አዳፕተሩ እስከ 65 ይችላል። መቻሉ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ 19ኙ ነው። በተቃራኒው ቮልቱ ልክ ሆኖ አምፒሩ ካነሰ አዳፕተሩ ይግላል፣ ራውተሩም እየጠፋ ይበራል። አዲሶቹ ፈጣን የስልክ ቻርጀሮች ይሉኝታ አላቸው፤ በ5 ቮልት ጀምረው፣ ስልኩ ሲፈቅድ ብቻ ወደ 9 ከፍ ይላሉ።

ዝቅተኛ ቮልትን መቀሌ በግዷ ተምራዋለች። ሰኔ 2013 ከብሔራዊው የኃይል ቋት ተቆርጣ ኅዳር 2015 ዳግም እስክትገናኝ ድረስ፣ ሶላርና የመኪና ባትሪ ያለው ሰው የሰፈሩ መብራት ኃይል ነበር። «12 ቮልት አይነዝርም» ተብሎም ይናቅ ነበር። እውነት ነው፣ አይነዝርም፤ ያቃጥላል እንጂ። ባለ 60 ሻማ አምፖል በ220 ቮልት ከሩብ አምፒር እምብዛም አያልፍም። ያንኑ 60 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ የፈለገ ሰው ግን በገመዱ 5 አምፒር ያሳልፋል። ቀጭን ገመድ ያን ጊዜ ይግላል፤ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ቮልትም ይሟሽሻል። የባትሪው ሁለት ጫፎች በስህተት ከተነካኩማ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይፈሳል። ለዚህ ነው ባትሪው አጠገብ ፊውዝ የሚደረገው።

እናም አንባቢዬ፣ ከመሰካትዎ በፊት አዳፕተሩን ገልብጠው ያንብቡ። ቮልቱ እኩል ይሁን፤ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን፤ የመሐሉ ጫፍ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ከምልክቱ ያመሳክሩ። ማንበብ ካቃተዎ የልጅ ዓይን ይዋሱ። ራውተር ከመግዛት ይረክሳል።