የሠርግ ሞንታርቦ ማበላሻ መመሪያ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የጥር ሠርግ ድንኳን ብዙ ጊዜ መብራቱን የሚያገኘው ከአንድ ቤት ቆጣሪ ነው። ሽማግሌው ማይክ ይዘው ሊመርቁ ሲነሱ ድምፁ ከተሰነጠቀ ሁሉም ሞንታርቦውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከመብራቱ ነው። አምፕሊፋየር ከሶኬት የተቀበለውን ኃይል በዜማው ልክ እየመጠነ ለድምፅ ማጉያው ያቀብላል፤ ኃይሉ ከታመመ ዜማውም ይታመማል። ሠርግ ማበላሸት የሚፈልግ ሰው የሚያደርገውን በተራ እጽፋለሁ፤ አንባቢዬ ተቃራኒውን እንዲያደርግ እለምናለሁ።

1. አምፕሊፋየሩንና የእንጀራ ምጣዱን በአንድ ቀጭን ኤክስቴንሽን ይሰኩ። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ይወስዳል። 50 ሜትር ርዝመትና 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ ላይ ይህ ብቻ 18 ቮልት ያህል ያስቀራል፤ ሽቦውም ይግላል። ባለ ትራንስፎርመር አምፕሊፋየር ላይ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ፣ 100 ዋት የሚያወጣው 67 ገደማ ብቻ ያወጣል።

2. ድምፁ ሲደክም ቮሊዩሙን እስከ ጥግ ይክፈቱ። አምፕሊፋየሩ የሌለውን ኃይል መስጠት ስለማይችል የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል። ድምፁ ይሻክራል፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ቱዊተርም ይቃጠላል።

3. ያበጠውን ካፓሲተር እንዳላዩ ይለፉት። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ወደ ዲሲ ከተለወጠ በኋላ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ትርታ የሚያለዝበውና ከበሮው ሲመታ የሚፈለገውን ኃይል አጠራቅሞ የሚያቆየው ካፓሲተር ነው። እሱ ሲደክም ማጉያው «እምም» ይላል፤ ቤዙም ይልፈሰፈሳል። ሲቀይሩ ደግሞ የቮልት አቅሙ ያነሰውን ይግዙ፤ ይፈነዳል። መሣሪያውን እንደነቀሉም ወዲያው እጅዎን ያስገቡ፤ ካፓሲተሩ የያዘው ኃይል ይጠብቅዎታል።

4. ፊውዝ ሲበጠስ በሽቦ ይተኩት። ፊውዙ የሚበጠሰው ትራንስፎርመሩ እንዳይቃጠል፣ ድንኳኑም እሳት እንዳይነሳበት ነው።

5. ጉምጉምታ ለማጥፋት የምድር ሽቦውን ይቁረጡ። ውስጥ ብልሽት ቢደርስ ኃይሉ የብረት አካሉን ይዞ ይጠብቃል፤ በማይኩም በኩል የያዘውን ሰው ሊነዝር ይችላል። ጉምጉምታ ካለ ሚክሰሩንና አምፕሊፋየሩን ከአንድ ሶኬት መሰካት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

6. መብራት ሲሄድ አምፕሊፋየሩን እንደበራ ይተዉት። መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዋዥቅ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚመታውም የበራውን ዕቃ ነው። አጥፍተው ቢቆዩና መብራቱ ሲረጋ ቢያበሩት ግን ይተርፋል።

ሠርጉ እንዲያምር የሚፈልግ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ይዘጋጃል። ለድምፁ ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም መስመር ያስዘረጋል፤ ምጣዱ በርቶ፣ ከበሮው እየተመታ ቮልቴጁን በመልቲሜትር ይለካል፤ ሲወርድ ካየ ጭነቱን ይቀንሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለጩኸት ብሎ አይደለም። ሽማግሌው ማይኩን ጨብጠው «ወልዳችሁ ሳሙ» ሲሉ፣ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ የምታለቅሰው እናት እያንዳንዱን ቃል ጥርት አድርጋ እንድትሰማ ነው።