የጭን ተሳፋሪ
ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በዓለም አቀፍ በረራ አብዛኛውን ጊዜ ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ይከፈልለታል፤ ወንበር ግን የለውም። ጭኑ የወላጅ ነው፤ ኪራዩ የአየር መንገዱ። ጉዞው ላይ ሁለት ዓመት ከሞላው ለመልሱ ወንበር ይገዛለታል፤ ልደት ማራዘም አይፈቀድም።

ከሸዋ ሮቢት ለሚነሳ ሕፃን ግን የመጀመሪያው ዳኛ የሚኒባሱ ረዳት ነው። እሱ ፓስፖርት አያይም። እግሩ መሬት ከነካ ሙሉ ሒሳብ ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር ከሚመጣጠነው እንዳይወርድ ይደረጋል፤ ለጨቅላ ታስቦ ይመስላል። በ1,300 ሜትር ገደማ ቆላ የተወለደው የይፋት ልጅ ግን ቦሌ ሳይደርስ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። አስተናጋጇ «ጆሮው እንዳይደፈን ጡት ይስጡት» ስትል፣ እናቱ ምክሩን ከደብረ ሲና ዳገት ጀምሮ ስትሠራበት ቆይታለች፤ ያውም ያለ ቀበቶ።