ሰሙ የት ሄደ?

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ የዱሩም የቤቱም እንስሳ በአንድ ሸንጎ በሚዳኝበት አገር፣ አንዲት ጃርት ነበረች። ቀን በአንበሳ ግምጃ ቤት የገብስ ቁና ስትቆጥር ትውላለች፤ ማታ ደግሞ ከሰል አቀጣጥላ፣ ወናፏን እየነፋች ጌጥ ትሠራለች። ከገዛ ጀርባዋ በነቀለችው እሾህ፣ ንብ በሰጠቻት ሰም ላይ ሐረግ ትስላለች። ጉትቻው ለጎረቤት፣ ቀለበቱ ለክርስትና ልጅ፣ አልቦው ለሙሽራ፤ የሠራችውን ሁሉ በስጦታ ነበር የምትሰጠው። አገሩም መርቋት አይጠግብም። «እጅሽ ይባረክ! ከሥራ ተርፎሽ ይህን ሁሉ!» ይላታል።

ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረች። በአንድ የኅዳር ጧት ግን የግምጃ ቤቱን ቁልፍ አስረከበችና ደጃፏ ላይ መስፏን ተከለች። «ከዛሬ ጀምሮ እንጀራዬ ይህ ነው» አለች።

ምርቃቱ በዚያው ዕለት ቆመ። እጇ ያው እጅ፣ መዶሻዋም ያው መዶሻ ነው፤ ትናንት «ባለ ሙያ» ያለቻት ጦጣ ግን ዛሬ «ቀጥቃጭ» አለቻት። እናቷ ገበያ ላይ ስትጠየቅ «ልጄ እኮ ግምጃ ቤት ነች» ማለቷን አልተወችም። ቀበሮ ከቤት ቤት እየዞረ ሹክ አለ፦ «ሌሊት ጅብ ትሆናለች። ዓይኗ ይበላል፤ ልጆቻችሁን ሸፍኑ።» እኔን ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። በጨዋታነቱ የተወደደ ሥራ፣ እንጀራ ሲሆን የሚያስነውር ምን ተጨመረበት? የተጨመረበት ዋጋ ብቻ ነው።

ነገሩ ሸንጎ ደረሰ። ጅብ ራሱ ተነሥቶ መሰከረ። «ጌቶቼ፣ እኔ ጅብ ሆኜ ነው የተወለድኩት። ዕድሜ ልኬን ሌሊት ሌሊት ከዘመዶቼ ጋር ዞሬአለሁ። ከመሀላችን መዶሻ የጨበጠ አንድም አላየሁም። እሷ የት እንደምታድር ከጠየቃችሁኝ፣ ከወናፏ ሥር ነው፤ እሳቷን እያየሁ ብዙ ጊዜ አልፌአለሁ።» አንበሳም ባለ እጅን በሙያው የሰደበ ይቀጣል ብሎ አዋጅ አስነገረ። በሰዎችም አገር ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጅ አፍን ይይዛል። ጃርቷ ግን ጎረቤት ቡና ስትጠራ ሲኒዋ ለብቻው ተቀምጦ አገኘችው።

ሁለት ወር ሙሉ አንድም ትእዛዝ አልመጣም። ከዚያ እትዬ ፍየል መጣች፤ በጥር ልጇን ትድራለች። ከመቀነቷ ሁለት ማርትሬዛ ብር ፈትታ «የአንገት መስቀል ሥሪልኝ» አለች። ይህ ብር ከኦስትሪያ የተነሣ፣ የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ እሷ ከሞተች ወዲህ በየትኛውም ዓመት ቢቀረጽ 1780 ተብሎ የሚጻፍበት ገንዘብ ነው። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ንጹሑ ብር ከ23 ግራም ጥቂት ከፍ ይላል፣ የቀረው መዳብ ነው። አገራችን ገበያ ወጥታበታለች፣ አጊጣበታለች፤ የአያቶቻችን ብዙው ድሪና አምባር ከእርሱ የቀለጠ ነው።

ጃርቷ አሥራ አንድ ቀን ደከመች። መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ቀረጸችው። በላዩ ለስላሳ ጭቃ ለበጠችበት፣ ማፍሰሻ ቀዳዳ ትታ አደረቀችው፤ እሳት ላይ ስታደርገው ሰሙ ቀልጦ ወጣ። ብር ለመቅለጥ ብርቱ እሳት ይፈልጋል፤ በወናፍ ያን ያህል ማድረስ ክንድ ያዝላል። የመጀመሪያው ተበላሸባት። ጭቃው ውስጥ እርጥበት ቀርቶ ኖሮ ብሩ አረፋ አወጣ። የጭቃው ቅርጽ ተሰብሮ ካልሆነ አይከፈትም፤ ስለዚህ ሰሙንም፣ ሐረጉንም፣ ጭቃውንም ከሀ ጀመረች። ሁለተኛው አንዱ ክንድ ጎደለው። በሦስተኛው ወጣላት። ሞረደችው፣ ወለወለችው፤ ከሞረዱ የረገፈውን ብናኝ ሳይቀር በላባ ጠርጋ አኖረችው።

ፍየል ሚዛን ይዛ ነው የመጣችው። መስቀሉን ከእነ ብናኙና ከእነ ቁርጥራጩ በአንድ ወገን፣ ሁለት ብር በሌላው ወገን አደረገች። ተስተካከለ።

«ይኸው፣ ሁለት ብር ሰጥቼ ሁለት ብር ወሰድኩ። ታዲያ የእጅ ዋጋ የምትዪው ምንድን ነው? ድሮ በነጻ ትሠሪ አልነበር?»

«ድሮ እንጀራዬን ግምጃ ቤት ይሰጠኝ ነበር፣ እትዬ። አሁን ከዚህ ሌላ የለኝም።» ከሳጥኗ ሁለት ያልቀለጠ ብር አውጥታ ፍየል ፊት ከመስቀሉ ጎን አኖረች። «ክብደቱ ያው ነው። የሚሻልዎትን ይውሰዱ።»

ፍየል ብሩን አንሥታ ወጣች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሁለቱን ብርና የእጅ ዋጋውን ሙሉ፣ በላዩም አንድ ቁና ጤፍ ይዛ ተመለሰች። ሌሊቱን ምን ስታስብ እንዳደረች አልተናገረችም።

ሠርጉ ደረሰ። ከዳሱ መሀል በክብር የተቀመጡት ሊቃውንት ቅኔ ዘረፉ፤ ላይ ላዩን ሰም፣ ውስጡን ወርቅ እያሉ ተደናነቁ። እነዚህን ሁለት ስሞች ቅኔ የተዋሰው ከአንጥረኛ ምድጃ ነው፤ ቀልጦ ከሚወጣው ሰምና ቦታውን ከሚወርሰው ወርቅ። ጃርቷ የተቀመጠችው ከበሩ አጠገብ ነበር፣ ለብቻዋ በቀረበላት ማዕድ። ሙሽራዋ ስታልፍ መስቀሉ አንገቷ ላይ አበራ። «ማን ሠራው?» ተባለ። የጃርቷ እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጄ» አለች።

ጃርቷ ትንሽ ቀምሳ ተነሣች፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ የምታደርሳቸው አራት ትእዛዞች ነበሩባት። መንገድ ላይ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። የሙሽራዋ ታናሽ ወንድም፣ ግልገሉ ነው።

«እትዬ፣ መስቀሉ መጀመሪያ ሰም ነበር አሉ። ሰሙ የት ሄደ?»

ዝም ብላ ይዛው ገባች። አመዱን ገልጣ ፍሙን አወጣች፣ አዲሱን የጭቃ ቅርጽ በላዩ አስቀመጠች፣ የወናፉን እጀታ ሰጠችው።

«ቀስ ብለህ ንፋ። ዓይንህን ከቀዳዳው አትንቀል።»