ስታቢላይዘር ልገዛ ወጥቼ

የሐምሌ መብረቅ ፍሪጃችንን ካቃጠለው በኋላ ባለቤቴ ገንዘብ ቆጥራ ሰጠችኝና ቢያንስ ቴሌቪዥኑን የሚያተርፍ ስታቢላይዘር ገዝቼ ቶሎ እንድመለስ ላከችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው። ቢሆንም ክረምቱ ገና ነበር። ሱቁ ደርሼ «መብረቅ የሚችል ስጠኝ» ስለው ልጁ ዕቃውን ሳያወርድ «ጋሼ፣ ቤትዎ ኧርዝ አለው?» አለኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። «ይኖረዋል» አልኩ። «አለው ወይስ ይኖረዋል?» ብሎ ደገመኝ። አምፖል ሊገዙ የመጡ አንዲት እናት የልጁ ስም እንደጠፋበት አባት በሐዘኔታ አዩኝ፤ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

ገንዘቡን እንደያዝኩ ወደ ጎረቤታችን ልጅ አመራሁ። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪውን እየሠራ ነው፤ ጥናቱም መብረቅ በከፍተኛ ኃይል መስመር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ደጁ ቆሜ መብረቁን ወደ መሬት ስለሚያወርደው ኧርዝ አንድ ነገር ጠይቄው ልመለስ ነበር ሐሳቤ። እሱ ግን «ይግቡ ጋሼ፣ አሁኑኑ አሳይዎታለሁ» አለ፤ እናቱም ቡና አቀራረቡ። ቡና ከቀረበ ደግሞ እስከ በረካው መቀመጥ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ የ132 ኪሎ ቮልት መስመር ዘርግቷል። እንዲህ ያለውን ነገር በኮምፒውተር ማስላት የተለመደው፣ ኸርማን ዶመል እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው የስሌት ዘዴ ነው አለኝ። መብረቁንም ሠራው፦ 30 ሺህ አምፔር ገደማ፣ መካከለኛ የሚባለውን። ሽቦውን በቀጥታ ሲመታ 15 ሺው ወደ ግራ፣ 15 ሺው ወደ ቀኝ ይሮጣል። ሽቦው ለዚያ ማዕበል ያለው ተቃውሞ 400 ኦም ያህል ስለሆነ፣ ሲባዛ 6 ሚሊዮን ቮልት ይመጣል። ሽቦውን ከምሰሶው የሚለዩት የዚህ መስመር ሲኒዎች ደግሞ የሚችሉት 650 ሺህ አካባቢ ነው። ሲኒዬን ከእጄ አስቀመጥኩ፤ የቡናውን ማለቴ ነው።

ለዚህ ነው ከኃይል ሽቦዎቹ በላይ መብረቁን የሚቀበል ሌላ ሽቦ የሚዘረጋው። ተቀብሎ በብረት ምሰሶው በኩል ወደ መሬት ያወርደዋል። እኔ ጉዳዩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ስል ልጁ የምሰሶውን እግር የመሬት ተቃውሞ ቁጥር ቀየረ። መሬቱ 10 ኦም ሲሆን፣ ፍሰቱ በሙሉ በአንድ ምሰሶ ቢወርድ እንኳ 300 ሺህ ቮልት ነው፤ ሲኒው ይችለዋል። ድንጋያማ መሬት ላይ 50 ኦም ሲሆን ግን 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል። ያኔ ብልጭታው ከምሰሶው ተነስቶ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኃይል ሽቦው ይዘላል። ብሬከሩ ይወርዳል፣ አገር ይጨልማል። እኛ ሰማዩን እናማለን፤ ጥፋቱ ያለው ከምሰሶው እግር ሥር ነው! እንደኛ ድንጋይና ተራራ በበዛበት አገር ይህ ቁጥር ምሰሶ በምሰሶ ተለክቶ መታወቅ አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ትራንስፎርመርን ከመብረቅ ስለሚከላከለው አሬስተርም ጠየቅኩት። በዚንክ ኦክሳይድ የተሞላ ነው፤ በደህና ጊዜ ዝግ ሆኖ ይቆያል፣ ማዕበሉ ሲመጣ ብቻ ተከፍቶ ወደ መሬት ያሳልፈዋል። ከትራንስፎርመሩ ርቆ ከተተከለ ግን አይረባም። ማዕበሉ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስም ተመልሶ በራሱ ላይ ይደረብና እጥፍ ሊሆን ይችላል። ልጁ አሬስተሩን በስክሪኑ ላይ ወደ ትራንስፎርመሩ ባስጠጋው ቁጥር የቮልቴጁ ጫፍ ዝቅ ሲል እያየሁ፣ «እስቲ ትንሽ ጨምር» ስለው አመሸን።

ስወጣ ሱቁ ተዘግቷል። ባለቤቴ ባዶ እጄን አይታ ዝም አለች። የጎረቤታችን ልጅ ግን «መጀመሪያ ኧርዙ» ብሎ ቅዳሜ የመዳብ ዘንግ ይዞ ሊመጣ ቃል ገብቶልኝ ነበር። የቀረው አከራያችንን ማስፈቀድ ነው፤ ግቢው ሊሾ ነዋ!

«ከሰማይ የመጣን ነገር ቆፍረህ ልታስቀረው ነው?» አሉኝ እትዬ።

10 ኦሙን፣ 50 ኦሙን፣ ሲኒውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ሊሾዬን አትንካ» አሉ። «ከጓሮ፣ ከጎመኑ መደብ ጎን ቅበረው፤ እዚያ መሬቱ እርጥብ ነው።»