ዳቦ ሳይቆረስ የወጣ ስም

በአገራችን ሰው ስም ሲወጣለት ዳቦ ይቆረሳል። በእኔ ቤት ግን ስም የወጣለት ዳቦው ራሱ ነው፤ ያውም ቢላ እምቢ ብሎት ሳይቆረስ።

ነገሩ የጀመረው ሠርግ ቤት ነው። ከሾርባ ጋር የቀረበችልኝን ቡጢ የምታህል ዳቦ በጣቴ ጫን ሳደርጋት ስምጥ ትልና ትመለሳለች። «ይቺማ አታቅተኝም» አልኩ። ማን ጠየቀኝ?

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ላይ አሠራሯን አወጣሁ። ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 250 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ አንድ እንቁላል፣ ስኳርና ጨው። (ፉርኖ በጣሊያንኛ የዳቦ ምድጃ ማለት ነው። ዱቄታችን የምድጃ ስም ተሸክሞ ምድጃ የሌለው ቤት ሁሉ ይገባል።)

ወተቱ «ለብ ይበል» ይላል። ሻይ እየተንተከተከ ሲጠጣ ያደገ ሰው ለብ ያለ ነገር ይንቃል፤ አፈላሁትና እርሾውን ጨመርኩበት። እርሾ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ሙቀቱ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። እኔ ቀቀልኩት። ሊጡ ሁለት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ ሳይል ተቀመጠ። «እሳት ሲያገኝ ይነሣል» ብዬ ጋገርኩት። የስድስት ዓመቷ ልጄ አንዱን አንሥታ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረገችበትና፣ «አባዬ፣ ኮብልስቶን ነው የሠራኸው?» አለችኝ። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

በሳምንቱ ወተቱን በጣቴ እየለካሁ አሞቅሁ። ሊጡ ኩፍ አለ! ከተድቦለቦለ በኋላ 45 ደቂቃ ይረፍ ስለሚል የስልኬን ደወል ሞልቼ ኳስ ማየት ጀመርኩ። እናቴ ገባች፤ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየችና፣

«ይሄ ሊጥ ደርሶ የለም እንዴ? አስገባው እንጂ።»

«ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል፣ እማዬ።»

«ለሊጡ ነው ለስልኩ?»

እኔ ስልኬን አመንኩ። ኦቨን ውስጥ ሳስገባው እንደተበሳ ኳስ ሟሸሸ። ለካ አሠራሩ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። (የጣናዋን ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም፤ እሷም 1,800 ሜትር ላይ ናት።) አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ሊጡን ቶሎ ይነፋዋል፤ ዝም ካሉት ከመጠኑ አልፎ ይወድቃል። እናቴ ይህን ከየትም አላነበበችም። ድፎ ስትደፋም ሰዓት አይታ አታውቅም። ሊጡን በጣቷ ጫን ታደርገዋለች፤ ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው፣ ቀስ ብሎ ከሞላ ኮባው ይነጠፋል፣ ጭራሽ ካልሞላ ደግሞ… የእኔ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ራሷ ቆማ አሠራችኝ። ድቡልቡሎቹ ሲጠጋጉ ጎናቸው ስለማይደርቅ፣ እንደ ሚኒባስ ረዳት «ጠጋ ጠጋ!» እያለች አሥራ አምስቱን አንድ ትሪ ላይ ጫነቻቸው። በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ። ሲወጡ ቅቤ ቀባናቸው፤ እንፋሎቱ ቅርፊታቸውን እንዲያለሰልሰው ጨርቅ አለበስናቸው።

አንዱን ቆርሳ አላመጠች፤ ትንሽ አሰበችና፣ «ይሄ እኮ ሙልሙል ነው» አለች። «ለቡሄ ጨፋሪ ስንሰጠው የኖርነው። ሦስት ቅዳሜ የለፋኸው ለዚህ ነው?»

«እማዬ! ወተትና እንቁላል እኮ አለበት!»

«ታዲያ በፍልሰታ ማን ሊበላልህ ነው?»

አራቱን በፌስታል ጠቅልላ ሄደች። ኮብልስቶን የሚለው ስም ግን እስከ ዛሬ አልተነሣልኝም።