ለፀሐይ የተሠራ፣ ዝናብ የገባበት በረንዳ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሰው የጠፋበት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ይፈልግ። ከተማችን 2,700 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች፤ በምሥራቅ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ጉና ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ሲያዘጋጅ አድሮ ማለዳ ይልክልናል። ስለዚህ ጋቢ የደረበ ሽማግሌም፣ የረፈደበት ተማሪም፣ ቀጠሮ ያለበት ነጋዴም ግድግዳው ሥር ተደርድሮ ይገኛል። የድንች ዋጋ የሚቆረጠው፣ ባልና ሚስት የሚታረቁት፣ ያልተጋበዘ ሰርግ የሚታማው እዚያው ነው። ግድግዳው እድሳት አይጠይቅም። ቢፈርስ እንኳ ሰዉ ወደሚቀጥለው ግድግዳ ይሻገራል እንጂ ባለሙያ አይጠራም።

እኔ ባለሙያ የሚጠራበት በረንዳ አለኝ። ዙሪያው መስታወት ነው። በየከተማው እንዲህ ያለ በረንዳ እየበዛ ነው፤ ሐሳቡም ደስ ይላል። ብርሃኑ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ወለሉንና ወንበሩን ያሞቃል፣ ሙቀቱ ሊወጣ ሲል መስታወቱ «ወዴት?» ይለዋል። ውጭ ነፋሱ ጆሮ እየቆረጠ ውስጥ በሸሚዝ መቀመጥ ነው።

በረንዳው ወዴት ይዙር በሚለው ጉዳይ ሠፈሩ በሙሉ መሐንዲስ ነበር። አንዱ ወደ ምሥራቅ አለኝ፤ ሌላው አላፊ አግዳሚ እንዲታይ ወደ አስፋልቱ። እናቴ ደግሞ ማን እንደሚመጣና ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድማ ማወቅ ስለምትፈልግ ወደ በሩ አለች። ፀሐይዋን የጠየቀ አልነበረም። ብርዱ በሚጠናበት ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ነው የምታልፈው፤ በታኅሣሥ እኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ በላይ 55 ዲግሪ ግድም ብቻ ነው ከፍታዋ። ስለዚህ መስታወቱ ወደ ደቡብ ዞረ፤ እናቴም እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሳላየው ገባብኝ» ትለኛለች።

በሰኔ ያቺው ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። በመካከሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። የነሐሴው ከቡሄ ጥቂት ቀን አለፍ ብሎ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ በስማችን የሚጠራው የብርሃን በዓል፣ ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 13 ይውላል፤ ፀሐይዋም በዚያው ሰሞን ከላያችን መጥታ ትቆማለች፤ እኛ ደግሞ ጃንጥላ ይዘን ደመና እናያለን። ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ ይመጡና ጅራፋቸውን ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል በረንዳዬ ሥር ያጮኹታል። መስታወቱ በደንብ ያስተጋባል አሉ። ሙልሙል የምሰጣቸው በጽድቅ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ እንዲሄዱልኝም ነው።

ሰው ስለ እንዲህ ያለ በረንዳ ሲያስብ ስለ ፀሐይ ያስባል። ማሰብ የነበረበት ስለ ውሃ ነው። እዚህ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፤ አብዛኛውም በክረምት ነው የሚወርደው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የበረንዳዬ ጣሪያ 12 ካሬ ነው፤ ስለዚህ በዓመት 18,000 ሊትር ውሃ ጣሪያው ላይ ቆሞ መግቢያ ይፈልጋል። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ከተደፈነ ደግሞ መፈለግ እንኳ አያስፈልገውም።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ንቆ ጣሪያውንም በግልጽ ፕላስቲክ ቆርቆሮ አለበሰው። «ከላይም ከጎንም ፀሐይ!» ብሎ ቡና ጠርቶን ነበር። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፕላስቲክ የሚያደርቀው ጨረር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ቆርቆሮው ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ደረቀ፣ ቀጥሎ በረዶ ጣለ። አሁን በረንዳው ውስጥ በነጻነት ይዘንባል። የእኔ ጣሪያ ተራ ብረት ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ በጎን ከገባች ይበቃታል። እርሱም ቢሆን ሚስማሩ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ሳይሆን በቆርቆሮው ጀርባ ላይ ነው መመታት ያለበት፤ ከሥሩም ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ ይገባል። ጎማው በፀሐይ ስለሚሰነጣጠቅ በየጊዜው ከክረምት በፊት ይቀየራል። ጎማ ሳያደርግ የሚመታ ባለሙያ ካያችሁ መሰላሉን አንሱበት።

መስታወቱ የሚመጣው ከባሕር ዳር ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት፤ ከወረታ በኋላ ያለው ደግሞ ድሮ ቻይናዎች የዘረጉት መንገድ ነው። በፍራሽና በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ «ቀስ በል» እየተባለ መጥቶ ሲፈታ ጥጉ ተሰንጥቆ ይገኛል። ከከተማችን ብዙም በማይርቀው ጋፋት ደግሞ አጼ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ግድም ሴባስቶፖልን አሠርተው ነበር። ሰባት ቶን የሚያህል መድፍ ነው። መንገድ እየተጠረገለት፣ ገደል እየወረደ ገደል እየወጣ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ አምባ ላይ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው አለ። አንዲት መስታወት ባመጣሁ ቁጥር ንጉሡ ትዝ ይሉኛል። የጫኙን ልጅ ለእርሳቸው ባቀርበው ምን ያደርጉት እንደነበር ግን ማሰብ አልፈልግም።

አንድ ሌሊት በረንዳው «ጧ!» አለ። እናቴ ብድግ ብላ «የጎረቤት ልጅ ድንጋይ ወረወረ» አለች። ልጁ ተጠራ፤ ተኝቼ ነበር አለ፤ አላመንነውም፤ አባቱ በልጁ ስም ይቅርታ ጠየቀ። ድንጋይ ግን አልተገኘም። ነገሩን የፈታው በያጁ ነው። መስታወቱ በብረት ፍሬም ላይ የተያዘው በእስቱኮ ነበር። እስቱኮ በእኛ ፀሐይ ይደርቃል። ቀን ብረቱ ሲሞቅ ከመስታወቱ ይልቅ ይለጠጣል፣ ሌሊት በውርጩ ይኮማተራል፤ የደረቀው እስቱኮ ይህን ስለማይችለው ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ብረቱ ከያዘው ቦታ ይበልጥ ይፈልጋል፤ ያብጥና መስታወቱን ከጎን እየገፋ ይመጣል፤ አንድ ብርዳም ሌሊት ላይ መስታወቱ ይለቃል። ለልጁ ከረሜላ ተገዛለት። አባትየው ይቅርታው ይመለስልኝ ቢል መብቱ ነበር።

መድኃኒቱ ብረቱን እስኪነጣ መፋቅ፣ አንቲረስት መቀባት፣ መስታወቱን ዙሪያውን ትንሽ ክፍተት ትቶ ማስቀመጥና በሲሊኮን መያዝ ነው። ሲሊኮን ከብረቱ ጋር ይለጠጣል፣ ከብረቱ ጋር ይሰበሰባል። አንድ አመል ብቻ አለው።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ቆሻሻ ላይ አይነክስም» አለኝ ባለሙያው፤ «በአልኮል መወልወል አለበት።»

«አልኮል ከየት ላምጣልህ?»

«ኧረ እማማ ጓዳ ዳግም አረቄ አይጠፋም።»

አልጠፋም። ጨርቁ በጠብታ፣ ባለሙያው በመለኪያ ሥራው ተጀመረ። ጠዋት የገባው ሲሊኮን ቀጥ ያለ ነው። የከሰዓቱ የወረታን ዳገት ጠመዝማዛ ይመስላል። የሚያፈሰው ግን ቀጥ ያለው ነው፤ ለምን እንደሆነ ሰውየውም አያውቅም። ለሚቀጥለው ሥራ ከጠዋት ጀምሮ መጠጣት እንዳለበት ሐሳብ አቅርቧል።

ይህ ሁሉ የውጭ ውሃ ነው። ከውስጥም ውሃ ይነሣል፤ ምንጩም ቤተሰብ ነው። እናቴ መጀመሪያ አንድ ሰፌድ በርበሬ አስገባች። ቀጥሎ ድርቆሽ፣ ቀጥሎ ለጠላ የሚሆን ብቅል፣ ቀጥሎ የጎረቤት በርበሬ፤ «እነርሱ መስታወት የላቸውም» ተብሎ። እኔ መጽሐፍ ላነብበት የነበረው ቦታ ላይ ሰው ሲገባ ያስነጥሳል። ከበርበሬውና ከድርቆሹ የሚወጣው እንፋሎት የትም አይሄድም፤ ሌሊት መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ላብ ሆኖ ይወርድና የታችኛው ፍሬም ላይ ይተኛል። ብረቱ ከውጭ ሲጠገን ከውስጥ ይበላል ማለት ነው። ለዚህ ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ ትንንሽ መስኮት አስከፈትኩ፤ ቀዝቃዛው ከታች ይግባ፣ የሞቀውና የረጠበው ከላይ ይውጣ ብዬ። እናቴ ሁለቱንም በአሮጌ ነጠላ ወተፈቻቸው። ብርድ ይገባል።

ከዚያ የጎረቤታችን ምራት ወለደችና አራስ ልጇን ፀሐይ ልታሞቅ መጣች። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለሕፃን አጥንት የሚጠቅመውን ቫይታሚን ዲ በቆዳው ውስጥ የሚያሠራውን ጨረር ተራ መስታወት አያሳልፈውም፤ ልጁ ይሞቃል እንጂ የሚፈለገውን አያገኝም። ስለዚህ ልጁ ሲመጣ መስታወቱ መከፈት አለበት አልኩ።

እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እንግዲህ ልትከፍተው ነበር ይህን ሁሉ ብር አውጥተህ የዘጋኸው?»

መልስ አጣሁ። የቤቱ ፕሮግራም በዚሁ ጸደቀ። ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት መስታወቱ ይከፈታል፣ የሕፃኑ ነው። ከ3 እስከ 10 ይዘጋል፣ የበርበሬውና የብቅሉ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከየአውድማው የሚነሣው የገለባ ብናኝ መስታወቱን ስለሚያለብሰው አንድ ሰው መጥረግ አለበት፤ ሲጠርግ ደግሞ በርበሬው ላይ ውሃ እንዳይንጠባጠብ ሁሉም ነገር ከተነሣ በኋላ መሆን አለበት። ይህም የሚመቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ያ ሰዓት ለእኔ ተሰጥቷል።